የግርጌው ውሃ ሲወርድ፦ ከአስዋን ከፍተኛ ግድብ በታች የአስዩት መቀልበሻ ጉዳይ

ግድብ የሚያቆመው ውሃን ብቻ አይደለም፤ ውሃው ያዘለውን ደለልም ያስቀራል። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ከመሠራቱ በፊት ናይል በአማካይ በዓመት 120 ሚሊዮን ቶን ገደማ ደለል ይዞ አስዋንን ያልፍ ነበር። ከዚህ ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከኢትዮጵያ ደጋ የታጠበ አፈር ነው፤ አብዛኛውን ዓባይ፣ የተረፈውን ተከዜ የሚቀላቀለው አትባራ ያወርደዋል። በ1964 ወንዙ ተጠልፎ ውሃው በግድቡ ራስጌ መጠራቀም ሲጀምር ያ ሁሉ ደለል በናስር ሐይቅ ውስጥ ይተኛ ጀመር። (እዚህ ያሉት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ወደ ታች የሚለቀቀው ውሃ ጠራ።

የጠራ ውሃ ቦይ ለሚጠርጉ ሰዎች እፎይታ ነው፤ ለወንዙ ወለል ግን ጠላት ነው። በአሸዋ ላይ የሚሄድ ወንዝ በየሰዓቱ አሸዋ ያነሳል፣ በየሰዓቱም ያስቀምጣል። ከላይ የሚመጣለትና ወደ ታች የሚያወርደው እኩል እስከሆነ ድረስ ወለሉ ባለበት ይቆያል። ከላይ የሚመጣው ሲቋረጥ ውሃው የጎደለውን ከራሱ ወለልና ከዳርቻው ይወስዳል፤ ወለሉም ከግድቡ እግር ጀምሮ ወደ ታች እየሰፋ ይሰምጣል።

ከአስዋን በታች ደግሞ ባዶ ወንዝ አልነበረም። በዚያው አሸዋ ላይ የቆሙ የመስኖ መቀልበሻ ግድቦች ነበሩ። ወለሉ ከሥራቸው ሲሸሽ ምን ገጠማቸው፣ ምንስ ተደረገላቸው? ከመካከላቸው ሦስቱን እያነሳን በቅርበት የምናየው አስዩትን ነው፤ የመጀመሪያ ልኬቶቹ በደንብ ስለሚታወቁ ስሌቱን በቁጥር መከተል ያስችላል።

አራት ኩሬ የሆነ ወንዝ

ከአሮጌው የአስዋን ግድብ ቁልቁል ሲለካ የኢስና መቀልበሻ በ167ኛው፣ ናግ ሐማዲ በ359ኛው፣ አስዩት በ545ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ይገኛሉ። ካይሮ አጠገብ ያለው የዴልታ መቀልበሻ በ953ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነው። የወንዙ ቁልቁለት በኪሎ ሜትር 8 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው፤ ወለሉም ከመካከለኛ እስከ ደቃቅ አሸዋ ነው።

አስዩት በ1902 ተጠናቀቀ፤ እያንዳንዳቸው 5 ሜትር ስፋት ያላቸው 111 በሮች ነበሩት። ኢስና በ1908 በ120 በሮች፣ ናግ ሐማዲ በ1930 ባለ 6 ሜትር 100 በሮች ይዘው ተከተሉ። ሥራቸው ውሃ ማከማቸት አይደለም። የወንዙን ከፍታ ጥቂት ሜትር አንስተው በራስጌያቸው ላሉት የቦይ አፎች ማድረስ ነው። አስዩት የሚመግበው ኢብራሂሚያ ቦይ ሚንያን፣ በኒ ስዌፍንና በባሕር ዩሱፍ በኩል ፋዩምን ያጠጣል። በአስዩት ላይ የተንጠለጠለው የእርሻ መሬት 1.65 ሚሊዮን ፈዳን ገደማ ነው፤ በእኛ መለኪያ ወደ 700 ሺህ ሄክታር ማለት ነው። አንድ የመስኖ ወቅት ቢያመልጥ የሚደርሰውን ጉዳት ማሰብ አይከብድም።

የ1902ቱ አሮጌ የአስዋን ግድብ ለእነዚህ መቀልበሻዎች ስጋት አልነበረም። 180 የውሃ ማሳለፊያ በሮቹ በጎርፍ ወራት ተከፍተው ደለል ያዘለውን ውሃ እንዳለ ያሳልፉ ነበር፤ ግድቡ የሚሞላው ጎርፉ ካለፈ በኋላ ውሃው ሲጠራ ነው። ከፍተኛው ግድብ ግን ጎርፉን ራሱን ይይዛል።

የተፈራውና የሆነው

ግድቡ ከመሠራቱ በፊትና በግንባታው ዘመን የተሠሩት ትንበያዎች እርስ በርስ አይገናኙም ነበር። አንዳንዶቹ ወለሉ ከ2 እስከ 3 ሜትር ይወርዳል አሉ፤ ሌሎቹ 8.5 ሜትር ድረስ ሄዱ። የኋለኛው ቢሆን ኖሮ ሦስቱም መቀልበሻዎች አንድ በአንድ ይወድቁ ነበር። ሰፊውን ስጋት ለመከላከል በመካከል ተጨማሪ መቀልበሻዎች ይሠሩ የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር።

የሆነው ግን ሌላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሃያ ዓመታት ገደማ ከመቀልበሻዎቹ በታች የውሃው ከፍታ የወረደው እንደየቦታው ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር አካባቢ ነው።

ለልዩነቱ ዋናው ምክንያት ግድቡ ደለሉን ብቻ ሳይሆን የወንዙን ጉልበትም መውሰዱ ነው። ድሮ የነሐሴና የመስከረም ጎርፍ በሰከንድ 8 ሺህ ሜትር ኩብና ከዚያ በላይ ይደርስ ነበር። ከግድቡ በኋላ የግብፅ በጋ (ሰኔና ሐምሌ) ከፍተኛ ልቀት በቀን 250 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ በሰከንድ 2,900 ማለት ነው። አሸዋ የማጓጓዝ አቅም ከውሃው ፍጥነት ጋር እኩል አያድግም፤ ከፍጥነቱ 4ኛ ወይም 5ኛ ርቢ ጋር ነው የሚሄደው። ፍጥነቱ ወደ 60 በመቶ ቢወርድ የማጓጓዝ አቅሙ ወደ 8 ወይም 13 በመቶ ይወርዳል። የድሮውን ጎርፍ ይዞ ያሰላ ሁሉ ትንበያው የተጋነነው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት መቀልበሻዎቹ ራሳቸው ናቸው። ውሃን አንስቶ የሚይዝ መዋቅር በሩቅ ካለ ከራስጌው ያለው ወለል ከተወሰነ ከፍታ በታች ሊወርድ አይችልም። ስለዚህ ሽርሸራው አንድ ረጅም ቁልቁለት ሆኖ አልሄደም፤ በየመቀልበሻው እግር ጠንክሮ ወደሚቀጥለው ኩሬ ሲቃረብ እየላላ በአራት ተከፈለ። ለቀሪው ወንዝ ይህ መልካም ነው። መቀልበሻዎቹን ግን የከፋው ሽርሸራ የሚያገኛቸው በእግራቸው ሥር ሆነ።

ሦስተኛው፣ ወለሉ ሲታጠብ ደቃቁ አሸዋ ሄዶ ሻካራው ይቀራል። ከምሥራቁ በረሃ ደረቅ ሸለቆዎች በድሮ ዘመን የወረደው ጠጠር በአንዳንድ ቦታ ከአሸዋው በታች ነበር፤ ሲገለጥ እንደ ጥሩር ሸፍኖ የቀረውን ጠበቀው።

መውረዱ እንዴት ይታወቃል

የወንዙን ወለል በገመድና በኢኮ ሳውንደር (በድምፅ ማሚቶ ጥልቀት በሚለካ መሣሪያ) መለካት ያስፈልጋል፤ ብቻውን ግን ያሳስታል። በአሸዋ ወንዝ ላይ የሚንቀሳቀሱ የአሸዋ ክምሮች አሉ፤ ዛሬ ጉድጓድ የሆነው በሚቀጥለው ወር ክምር ይሆናል። አስተማማኙ መንገድ አንድ የፈሰስ መጠን መርጦ ከዓመት ዓመት ከፍታውን ማወዳደር ነው። ለምሳሌ በቀን 100 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የፈሰሰባቸውን ቀናት ከየዓመቱ መዝገብ ማውጣት፣ በእነዚያ ቀናት ከመቀልበሻው በታች ያለው መለኪያ ያሳየውን ከፍታ በዓመት ቅደም ተከተል ማስቀመጥ። መስመሩ ወደ ታች ካዘነበለ ወለሉ እየወረደ ነው። በዝቅተኛ ፈሰስ የሚታየው መውረድ በከፍተኛው ከሚታየው ስለሚበልጥ ቢያንስ ሦስት የፈሰስ መጠኖች መያዝ አለባቸው።

ሁለት ነገር ይህን መዝገብ ያበላሻል፦ የመለኪያው ዘንግ ዜሮ ነጥብ ሲቀየር አለመመዝገብ፣ እና ፈሰሱን በድሮው የከፍታና ፈሰስ ሰንጠረዥ ማስላት። ሁለተኛው የከፋ ነው፤ ወለሉ ሲወርድ ሰንጠረዡ ራሱ ውሸት ይሆናል፣ መውረዱም ከመዝገቡ ይሰወራል። ፈሰሱ በየጊዜው በቀጥታ መለካት አለበት።

በአስዩት ሥር ያለው ስሌት

በ1902 አስዩት የተሠራው 26.5 ሜትር ስፋትና 3 ሜትር ውፍረት ባለው የግንብ ንጣፍ ላይ ነው። በንጣፉ ራስጌና ግርጌ ጫፎች እርስ በርሱ የሚጣመር የብረት ሺት ፓይል (በቁም የሚተከል የሳንቃ ግድግዳ) ወደ አሸዋው ተተክሏል፤ ጫፉ ከንጣፉ የላይ ገጽ 7 ሜትር ይወርዳል። ከራስጌ በኩል 20 ሜትር ያህል ስፋት ላይ ሥሩ ሸክላ የተጠቀጠቀ የድንጋይ ንጣፍ አለ፤ ሸክላው ውሃ እንዳይሰርግ ነው። ከግርጌ በኩል በተመሳሳይ ስፋት የድንጋይ ንጣፍ አለ፤ ከሥሩ ግን ሸክላ ሳይሆን ከታች ደቃቅ፣ ከላይ ሻካራ ሆኖ የተደረደረ የጠጠር ማጣሪያ ነው። ከሥር የሚመጣ ውሃ ይውጣ፣ አሸዋው ግን ይቅር የሚል አሠራር ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ይህን ያህል መታሰቡ ያስደንቃል። ትምህርቱ የተገኘው ከዴልታ መቀልበሻ ስቃይ ነው፤ እሱ በ1867 ከሥሩ ተበልቶ ስንጥቅ አሳይቷል።

በእንዲህ ያለ መዋቅር ላይ ዋናው ጭነት በራስጌና በግርጌ ውሃ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ነው። የራስጌው ከፍታ በቦዩ ፍላጎት የተቆረጠ ስለሆነ አይቀነስም። ግርጌው በወረደ ቁጥር ልዩነቱ ያድጋል። ስለዚህ በወንዙ ላይ የወረደች እያንዳንዷ ሳንቲ ሜትር በመቀልበሻው ላይ የተጨመረች ጭነት ናት።

በድሮው የብላይ ደንብ እንጀምር። ለናይል ዓይነት ደቃቅ አሸዋ ውሃው ከንጣፉ ሥር የሚጓዝበት መንገድ ቢያንስ የከፍታ ልዩነቱን 18 እጥፍ መሆን አለበት። የአስዩት መንገድ ሲደመር፦ የሸክላው 20.4 ሜትር፣ የንጣፉ 26.5፣ በሁለቱ ሺት ፓይሎች ከንጣፉ ሥር ወርዶ መውጣት 8 እና 8፤ በድምሩ 63 ሜትር ገደማ። ለ3 ሜትር ልዩነት የሚያስፈልገው 54 ነው፤ ይበቃል፣ ትርፍም አለው። ልዩነቱ 4.2 ሜትር ቢደርስ ግን የሚያስፈልገው 75.6 ይሆናል። 12 ሜትር ተኩል ይጎድላል።

የብላይ ደንብ ግን የአደጋውን ግማሽ ብቻ ያሳያል፤ ውሃው የሚወጣበትን ጫፍ ለይቶ አያይም። የኮስላ ቀመር ያንን ያያል፦ የመውጫው ግፊት ቁልቁለት ከከፍታ ልዩነቱ ጋር ያድጋል፣ የግርጌው ሺት ፓይል ከወለሉ በታች የተቀበረበት ጥልቀት ሲቀንስ ደግሞ እንደገና ያድጋል። ለደቃቅ አሸዋ የሚፈቀደው ከ1/7 እስከ 1/6 ነው። የመጀመሪያውን የአስዩት ንጣፍ ስፋት ይዘን፣ የሸክላውንና የኋላ ማጠናከሪያዎችን ሳንቆጥር፣ ለማሳያ እናስላ። ልዩነቱ 3 ሜትር፣ የተቀበረው 7 ሜትር ሲሆን ቁልቁለቱ 1/11.5 ነው። ልዩነቱ 4.2 ሆኖ ከፓይሉ አጠገብ ያለው አሸዋ 2 ሜትር ቢቦረቦር 1/6.7 ይደርሳል። ሌላ 1 ሜትር ቢቦረቦር 1/5.9፤ ከተፈቀደው ወጥቷል። የከፍታ ልዩነቱ ያደገው በ40 በመቶ ብቻ ነው፣ አደጋው ግን ወደ እጥፍ ተጠግቷል። ሁለቱ ጥፋቶች አብረው ስለሚመጡ ነው፤ ወለሉ ሲወርድ ውሃው ይወርዳል፣ ፓይሉም ይገለጣል።

ከዚህ መስመር ሲታለፍ የሚታየው ነገር የታወቀ ነው፦ ከድንጋይ ንጣፉ ግርጌ ትናንሽ ምንጮች ይፈልቃሉ፤ በዙሪያቸው የደቃቅ አሸዋ ቀለበት ይሠራሉ። የሚወጣው ውሃ ጥርት ያለ ከሆነ ስርገት ነው፤ ይመዘገባል፣ ይለካል። አሸዋ ይዞ ከወጣ ንጣፉ ከሥሩ ባዶ እየሆነ ነው፤ በዚያው ቀን የራስጌውን ውሃ ዝቅ ማድረግና በምንጩ ላይ ማጣሪያ ጠጠር መጫን ያስፈልጋል። ብዙዎች ምንጩን በሲሚንቶ ለመድፈን ይሮጣሉ። ይህ ከባድ ስሕተት ነው፤ የተደፈነው ውሃ ንጣፉን ከሥር ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ወይም ሌላ መውጫ ይፈልጋል።

ወደ ላይ የሚገፋው ኃይልም በቁጥር ይታወቃል። የግንብ ክብደት ከውሃ 2.24 እጥፍ ቢሆንና በተለመደው የ4/3 መተማመኛ ቢሰላ፣ ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ያልተመጣጠነ የውሃ ግፊት 1.07 ሜትር የንጣፍ ውፍረት ይፈለጋል። የ3 ሜትር ንጣፍ የሚችለው 2.8 ሜትር ግፊት ነው።

አደገኛው ወቅት ብዙ ሰው የሚፈራው የጎርፍ ወቅት አይደለም። በከፍተኛ ፈሰስ ጊዜ የግርጌው ውሃም ከፍ ይላል፣ ልዩነቱ ይጠባል። በጥር ቦዮች ለጥገና ሲዘጉ ከአስዋን የሚለቀቀው በቀን ወደ 70 ወይም 80 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይወርዳል፤ የግርጌው ውሃ የዓመቱን ዝቅተኛ ከፍታ ይይዛል። ራስጌው ካልወረደ ትልቁ ጭነት የሚመጣው በዚያ ወንዙ ጸጥ ባለበት ወር ነው። በሎክ፣ ማለትም መርከቦችን ከአንዱ የውሃ ከፍታ ወደ ሌላው በሚያሻግረው ክፍል፣ መድረክ ላይ ለመርከብ የሚበቃ ጥልቀት የሚጠፋውም ያኔ ነው።

በሮቹን ማን እንዴት ይከፍታል

ከወለሉ አጠቃላይ መውረድ ሌላ በበሮቹ እግር የሚቆፈር ጉድጓድ አለ። ይህኛው በአብዛኛው በአከፋፈት ይወሰናል። የበጋው 2,900 ሜትር ኩብ በአስዩት 555 ሜትር ጠቅላላ የበር ስፋት ላይ እኩል ቢከፈል በየሜትሩ 5.2 ይደርሳል። በሮቹ ግማሹ ተዘግተው ግማሹ ቢከፈቱ ከ10 ያልፋል። በሌሲ ቀመር ለ0.3 ሚሊ ሜትር አሸዋ፣ በንጣፍ ጫፍ በሚደረገው የ1.5 ማባዣ ሲሰላ፣ የሚጠበቀው የጉድጓድ ጥልቀት ከውሃው ገጽ ጀምሮ በ5 ፈሰስ 6 ሜትር፣ በ10 ፈሰስ 9.5 ሜትር ነው።

ሌላም አለ። ከበሩ ሥር ተወርውሮ የሚወጣው ውሃ በንጣፉ ላይ ሳለ በሃይድሮሊክ ዝላይ፣ ማለትም ፈጣኑ ውሃ ድንገት ከፍ ብሎ እየተናወጠ በሚዘገይበት ቦታ፣ ጉልበቱን መጨረስ አለበት። ዝላዩ በቦታው እንዲቆም በቂ የግርጌ ውሃ ጥልቀት ይሻል። ውሃው በሰከንድ 8 ሜትር ሲወጣ ለ5 ፈሰስ የሚያስፈልገው ጥልቀት 2.6 ሜትር ነው፤ ለ10 ፈሰስ 3.5። ግርጌው በወረደበት ዘመን በሮችን አጥብቦ መክፈት ዝላዩን ከንጣፉ አውጥቶ በአሸዋው ላይ ይጥለዋል።

በእነዚህ አሮጌ መቀልበሻዎች ላይ በሮቹ የሚነሱት ከአንዱ ወደ አንዱ በሚሄድ ማንሻ ነው። መቶ በር በጥቂቱ ከመክፈት አሥሩን እስከ ላይ ማንሳት ለሠራተኛው ይቀላል። ፈተናው እዚያ ላይ ነው። ደንቡ ግን ግልጽ ነው፦ ሁሉም በሮች በትንሽ ደረጃ፣ ከመካከል ተጀምሮ በቀኝና በግራ እኩል፤ ሲዘጋ ከዳር ወደ መካከል። በጥገና ላይ ያለ በር ካለ የጎረቤቶቹ መከፈቻ ቀስ በቀስ እየጠበበ ይሄዳል እንጂ ጭነቱ ለአንድ በር አይተላለፍም። ዳር ላይ ያሉ በሮች ብቻቸውን ሲከፈቱ አዙሪት ይፈጠራል፤ አዙሪቱ ድንጋዩን ከንጣፉ ጫፍ አንስቶ ወደ ንጣፉ መልሶ ያንከባልለዋል፣ ግንቡንም ይፈጨዋል።

ድንጋይ ማፍሰስ ምን ያህል ይረዳል

ጉድጓድ ሲገኝ የመጀመሪያው መልስ ድንጋይ ነው፤ ትክክልም ነው፣ በአግባቡ ከተሠራ። አስቀድሞ ከንጣፉ ጫፍ እስከ ጉድጓዱ ማዶ በካሬ መረብ በየ5 ሜትሩ ጥልቀቱ ይለካል፤ ከጉድጓዱ ትይዩ ያሉ በሮች ተዘግተው ሌሎቹ በእኩል ይከፈታሉ። በባዶ አሸዋ ላይ ድንጋይ ማፍሰስ ገንዘብን ወደ ወንዝ መጣል ነው፤ አሸዋው በድንጋዮቹ መካከል እየተመጠጠ ይወጣል፣ ድንጋዩም ይሰምጣል። በመጀመሪያ ጂኦቴክስታይል (ውሃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር ጨርቅ) ወይም የቅርንጫፍ ምንጣፍ በክብደት ታስሮ ከጀልባ ይዘረጋል፤ ከግርጌ ተጀምሮ ወደ ራስጌ፣ የላይኛው ቁራጭ በታችኛው ላይ ቢያንስ 1 ሜትር እየተደረበ። ጠጠር ከተመረጠ የጠጠሩ ዲ15 (ከክብደቱ 15 በመቶው የሚያንሰው የፍሬ መጠን) ከአሸዋው ዲ85 (85 በመቶው የሚያንሰው) አምስት እጥፍ መብለጥ የለበትም።

የድንጋዩ መጠን በወለሉ አጠገብ ባለው ፍጥነት ይወሰናል። በኢዝባሽ ቀመር ለሚናወጥ ውሃ በሰከንድ 3 ሜትር 0.38 ሜትር ስፋት ያለው፣ 75 ኪሎ ያህል የሚመዝን ድንጋይ ይበቃል። በሰከንድ 4 ሜትር 0.67 ሜትር ያስፈልጋል፤ ክብደቱ ከ400 ኪሎ ያልፋል። ፍጥነት በሲሶ ጨመረ፣ ክብደቱ ከአምስት እጥፍ በላይ ሆነ። በውሃ ውስጥ የሚቀመጥ ንብርብር ውፍረቱ በደረቅ ከሚሠራው በ50 በመቶ ይጨመራል፤ ዓይን የማያየው ክፍተት ሁልጊዜ አለና።

በንጣፉ ጫፍ ላይ የሚቀመጠው ድንጋይ ደግሞ ወለሉ ሲወርድ አብሮ እየተንሸራተተ ዳገቱን እንዲያለብስ ታስቦ ይከመራል። ከንጣፉ በታች 4 ሜትር ጉድጓድ ከተጠበቀ፣ በ2 ለ 1 ዳገት የሚሸፈነው ርዝመት 9 ሜትር ነው፤ በ1 ሜትር ውፍረትና ለብክነት 25 በመቶ ተጨምሮ በእያንዳንዱ ሜትር የመቀልበሻ ርዝመት 11 ሜትር ኩብ ድንጋይ ይሆናል። በ6 ሜትር ስፋት ሲከመር ውፍረቱ 1.9 ሜትር ገደማ ነው። 833 ሜትር ለሚሆነው አስዩት ከ9 ሺህ ሜትር ኩብ በላይ ነው። ከመጀመሪያው ከፍተኛ የበጋ ፈሰስ በኋላ እንደገና ተለክቶ የጎደለው ይሞላል።

ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላም አንድ ነገር አይለወጥም። ድንጋይ ጉድጓዱን ይሞላል፣ የፓይሉን መቀበር ይመልሳል፤ የግርጌውን ውሃ ግን አንድ ሳንቲ ሜትር አያነሳም። የከፍታ ልዩነቱ እንዳለ ይቀጥላል። ከሥር ላለው ባዶ ቦታ የሚሰጠው ሲሚንቶ መርፌም እንዲሁ ነው፦ በዝቅተኛ ግፊት፣ በጥንቃቄ ሲሰጥ ንጣፉን ያስቀምጠዋል፤ ግፊቱ ከፍ ብሎ ወደ ጠጠር ማጣሪያው ከሸሸ ግን መውጫውን ደፍኖ የተሻለውን ያጠፋል።

ጭነቱን መክፈል

ለዚህ መፍትሔው በዚያው ወንዝ ላይ ቀድሞ ተሞክሯል። የዴልታ መቀልበሻ ከብዙ ጥገና በኋላም ስላላስተማመነ ከ1898 እስከ 1901 ባለው ጊዜ ከእሱ በታች በሁለቱም ቅርንጫፎች ላይ ዝቅተኛ እርከኖች ተሠሩ። እርከኖቹ የግርጌውን ውሃ አነሱ፤ አንዱ መቀልበሻ ብቻውን ይሸከም የነበረው ልዩነት ለሁለት ተከፈለ።

ከከፍተኛው ግድብ በኋላም ግብፅ የሄደችው በዚሁ መንገድ ነው፣ በትልቅ መጠን። አስዩት በ1930ዎቹ፣ ኢስና በ1940ዎቹ ተጠናክረው ነበር፤ ማጠናከሪያው ግን የታሰበው ከፍ ያለ ራስጌ እንዲይዙ ነው እንጂ ለሚሸሽ ግርጌ አልነበረም። አዲሱ የኢስና መቀልበሻ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከአሮጌው 1.2 ኪሎ ሜትር ግርጌ ተጠናቀቀ። አዲሱ ናግ ሐማዲ በ2008 ከአሮጌው 3.5 ኪሎ ሜትር ግርጌ ተከተለ፤ አዲሱ አስዩት በ2018 ከአሮጌው ጥቂት መቶ ሜትር ግርጌ። ሦስቱም ከግርጌ መሆናቸው ድንገት አይደለም። አዲሱ ውሃ ሲይዝ ኩሬው አሮጌውን ያጥለቀልቃል፤ በአሮጌው ራስጌና ግርጌ መካከል ያለው ልዩነት ይጠፋል፣ በሮቹ ተከፍተው ይተዋሉ፣ ከሥሩ ያለው ግፊትም ያበቃል። ግንባታው በሚካሄድበት ጊዜ ደግሞ አሮጌው ቦዮቹን መመገቡን ይቀጥላል፤ አንድም የመስኖ ወቅት አይቋረጥም።

ወደ ታች የወረደው ውሃ የፈጠረው ተጨማሪ ከፍታም አልባከነም። ኢስና 86 ሜጋ ዋት ገደማ፣ ናግ ሐማዲ በአራት ተርባይኖች 64፣ አስዩት በአራት ተርባይኖች 32 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ ተደርገዋል። እንዲህ ዝቅ ባለ ከፍታ ላይ የሚሠሩት ሙሉ በሙሉ በውሃ ተውጠው የሚተኙ አምፖል ቅርጽ ያላቸው ተርባይኖች ናቸው። ከመቶ በላይ የነበሩት ጠባብ በሮችም በአስዩት 17 ሜትር ስፋት ባላቸው ስምንት በሮች ተተክተዋል፤ ጥቂትና ሰፊ በሮች በእኩል ለመክፈት ይቀላሉ፣ ምሰሶ ስለሚቀንስም አዙሪቱ ያንሳል።

አዲሶቹ ራሳቸው ከሽርሸራ ነጻ አይደሉም። እንዲህ ያለ መዋቅር ሲነደፍ የግርጌው ውሃ ዛሬ ባለበት ሳይሆን ገና ወደፊት በሚደርስበት ዝቅታ መታሰብ አለበት፤ የዝላይ ገንዳው ወለል፣ የፓይሉ ጥልቀት፣ የሎኩ መድረክም ሁሉ በዚያ ከፍታ ይቆረጣሉ። የሎክ መድረክ አንዴ ኮንክሪት ከተደረገ በኋላ ዝቅ አይደረግም።

ዓባይ ላይ አሁን የሚጀምረው

ይህ ጉዳይ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በሚይዘው ሐይቅ ውስጥ የዓባይ ደለል አሁን ይተኛል። ከግርጌው ሱዳን ውስጥ በ1966 የተሠራውና በ2013 ከፍታው የተጨመረው የሮዛሬስ ግድብ አለ። ከሱ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ከ1925 ጀምሮ የገዚራን እርሻ የሚመግበው የሰናር ግድብ አለ። ለሁለቱም የደለል መቀነስ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ሮዛሬስ ብዙ ቦታ ለደለል አስረክቦ ኖሯል።

ከአስዋን የምንወስደው የ8.5 ሜትሩን ፍርሃት አይደለም። ሕዳሴ ግድብም የጎርፉን ጫፍ ይቆርጣልና የወንዙ ጉልበት አብሮ ይቀንሳል። በሮዛሬስ ሐይቅ ወለል ላይ የተኛው የድሮ ደለልም ውሃው ዝቅ ሲል እየታጠበ ለጊዜው ወደ ታች ይሄዳል፤ ስለዚህ ከሮዛሬስ በታች ያለው ለውጥ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ዘግይቶ የሚመጣ ለውጥ ግን ማነጻጸሪያ መዝገብ ከሌለው አይታይም።

ከሮዛሬስና ከሰናር በታች አሁን መያዝ ያለበት ነገር ብዙ አይደለም። በየግድቡ ግርጌ ዜሮ ነጥቡ ከቋሚ የመሬት ምልክት ጋር የታሰረ የውሃ ከፍታ መለኪያ፤ በዓመት በዝቅተኛ፣ በመካከለኛና በከፍተኛ ፈሰስ በቀጥታ የሚለካ መጠን፤ ከግድቡ እግር ጀምሮ መጀመሪያ በየ500 ሜትሩ፣ ራቅ ሲል በየ5 ኪሎ ሜትሩ በየዓመቱ በአንድ ወር የሚነሳ የወንዙ ወርድ ቅርጽ፤ ከወለሉ የሚወሰድ የአሸዋ ናሙና፣ እየሻከረ መሄዱን ለማየት። በዝቅተኛ ፈሰስ የሚነበበው የግርጌ ከፍታ በተከታታይ ሦስት ዓመት በድምሩ 15 ሳንቲ ሜትር ከወረደ፣ የስርገቱ ስሌት በአዲሱ ልዩነት እንደገና ይሠራ፤ የበር አከፋፈት ሰንጠረዡም በዚያው ዓመት ይከለስ።